አንድ ፋይል ይዘን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ አየር መቀየር ስትፈልጉ ሦስቱንም ከተሞች ታውቋቸዋላችሁ። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቅዳሜና እሁድ መልካቸው ነው፤ ጥብስ በልተን፣ ወተት ጠጥተን፣ ልጆቻችንን ሜዳ ላይ አሯሩጠን እንመለሳለን።

እኔ ባለፈው ጥቅምት የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። ብብቴ ሥር አንድ ሰማያዊ ክላሰር ነበር። ክላሰሩ የታናሽ እህቴና የባለቤቷ ነው። በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት፣ ከብዙ ሐኪም ቤትና ከብዙ ጠበል በኋላ፣ በጉዲፈቻ ልጅ ለማሳደግ ወሰኑ። ሁለቱም ከሥራ መቅረት ስለማይችሉና እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ፣ ወረቀት የማሟላቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ።

ሦስቱ ከተሞች የገቡበት ምክንያትም ቀላል ነው። ቤታቸው ቡራዩ ነው። የእህቴ ባለቤት የሚሠራው ሰበታ ካለ ፋብሪካ ነው። የተወለደው ደግሞ ሱሉልታ ነው። እናንተም ከአዲስ አበባ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ሕይወታችን በየመውጫው ተበትኗል፤ ወረቀታችንም እንደዚያው።

ፋይሉ ድሮ ከየት ይመጣ ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጉዲፈቻ ፋይል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከውጭ አገር የሚመጣ ወፍራም ዶሴ ነበር። አንድ የአሜሪካ ወይም የስፔን ቤተሰብ የኢትዮጵያ ልጅ ለማሳደግ ሲፈልግ፣ በቅድሚያ በአገሩ ያለ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤቱን ያጠናል። ገቢው፣ ጤናው፣ ትዳሩ፣ የልጁ መኝታ ሳይቀር ይጻፋል። የቤት ጥናት የሚባለው ይህ ነው። ልጁ ከሄደ በኋላም 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ ደኅንነቱ ሪፖርት እንዲላክ ይጠየቅ ነበር።

በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱ የኢትዮጵያ ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ ለአሜሪካውያን ብዙ ልጅ የሰጠች አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ብዙዎቹ ልጆች በፍቅር አድገዋል። ነገር ግን ወረቀቱ እውነቱን ያልተናገረባቸው ቤቶችም ነበሩ። እናትና አባት በሕይወት እያሉ ወላጅ አልባ ተብለው የተመዘገቡ ልጆች ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐና ዊሊያምስ የተባለች ኢትዮጵያዊት ልጅ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ከሁለት ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ጥናቱም፣ ማኅተሙም፣ ፊርማውም ነበረ፤ ልጅቷን ግን አላዳናትም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የሚከለክለውን ማሻሻያ አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ ዶሴው ከባሕር ማዶ አይመጣም። የሚጠናው ቤት የኛ ቤት ሆኗል። ቡራዩ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ማለት ነው።

ሰበታ፦ የሥራ ደብዳቤው

ወደ ሰበታ የምትሄዱ ከሆነ ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዙ። ረዳቱ "አለም ገና፣ ሰበታ!" እያለ ሲጠራ ትሰማላችሁ። አለም ገናን ስታልፉ በቀኝ በኩል የወጨጫ ተራራ ይከተላችኋል። ታዋቂው የመናገሻ ሱባ ደን ያለው ከዚሁ ተራራ በወዲያኛው ገጽ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጤፉ መቅላት ሲጀምር፣ ይህ መንገድ ለዓይን ደስ ይላል።

ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሜታ አቦ ቢራ አገር ናት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በኢትዮጵያ በኩል ጫፉ እዚህ ነው። ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ያስተማረው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለውም እዚሁ ነው፤ ጌቴሴማኒ ቤተ ማርያም የሴቶች ገዳምም እንዲሁ። ጊዜ ካላችሁ ጎራ በሉ። እኔ ጊዜ አልነበረኝም፤ ማኅተም ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ከፋብሪካው የምንፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ሠራተኛው ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ሥራው ቋሚ መሆኑን የሚገልጽ። ከፈለጋችሁት አንድ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው። ደብዳቤውን የጻፈችልን ልጅ "ለባንክ ብድር ነው?" አለችኝ። "ለጉዲፈቻ ነው" አልኳት። እጇ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ። ትንሽ ዝም ብላ "እግዜር ይስጣቸው" አለችና ጻፈች። ደብዳቤውን ስትሰጠኝ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለማንም አልናገርም፤ አይጨነቁ" አለችኝ።

ሚስጥር ጠብቂልኝ አላልኳትም ነበር። እንደ ነውር ነገር የሚደበቅ መስሏት ነው። ስመለስ በታክሲ ውስጥ ይህ ነገር አልወጣልኝ አለ፤ ምክንያቱም እህቴም የምታስበው እንደዚያው ነበር።

የእህቴን ሐሳብ ልንገራችሁ። ልጁ ገና ጨቅላ ከሆነ፣ ለጥቂት ወራት ከሰፈር ልትጠፋ፣ "አማቴ ጋ ነኝ፣ ሐኪም ዕረፍት አዞልኝ ነው" ልትል፣ ከዚያ ልጁን ታቅፋ እንደ አራስ ልትመለስ ነበር። ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት እልል ይላል፣ ማንም አያውቅም። ልጁም አያውቅም። በከተማችን እንዲህ ያደረጉ ሴቶች አሉ፤ ሆዳቸው ላይ ጨርቅ አስረው ወራት የቆጠሩም አሉ። እህቴን አልፈረድኩባትም። ሰባት ዓመት ሙሉ "ምነው ዝም አላችሁ?" ስትባል የኖረች ሴት ናት።

ቡራዩ፦ ቤቱ ሲጠና

ቡራዩ ለአዲስ አበባ ቅርቧ ናት። ከዊንጌት በአስኮ አድርጋችሁ፣ ከታን አልፋችሁ ትገባላችሁ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ የገፈርሳ ግድብ አለ፤ አዲስ አበባን ለአስርት ዓመታት ውኃ ያጠጣ ነው። በማለዳ ብትሄዱ ከአገራችንና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ዳር ዳሩን ሲግጥ ልታዩ ትችላላችሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ውኃውን በሩቁ እያየ ቤቱ ውስጥ ሮቶ ሞልቶ ያስቀምጣል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እህቴ ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱን ስታጥብ አደረች። አዲስ መጋረጃ ሰቀለች። የልጅ አልጋ ከጎረቤት ተዋሰች፤ ለምን እንደፈለገችው ግን አልተናገረችም። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ።

እናንተም ተራችሁ ሲደርስ እንዲህ እንዳትጨነቁ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለሙያዋ መጋረጃውን አላየችውም። ያየችው ሌላ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ክዳን በእግሯ ነካ አድርጋ አየች። የከሰል ምድጃው የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች። ልጁ የሚተኛበትን ክፍል አየች። ሁለቱም ሥራ ሲውሉ ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ ገቢያቸው ከወር ወር እንዴት እንደሚያደርሳቸው፣ ሲጣሉ እንዴት እንደሚታረቁ ጠየቀች። በዚህኛው ጥያቄ ሁለቱም ሳቁ። "እሱ ዝም ይላል፣ እኔ እናገራለሁ" አለች እህቴ። ባለሙያዋም ስቃ ጻፈችው።

ከዚያ ወረቀቱ ተገለጠ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ሁሉም አለ። እሷ ግን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። ከሰበታ በመጣው ደብዳቤ ላይ የባለቤቷ አያት ስም በአንድ ዓይነት ተጽፏል፣ ከሱሉልታ በወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በሌላ። አንዱ በአማርኛ ፊደል፣ ሌላው በቁቤ። "ሰውዬው አንድ መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ፣ ዳኛው ግን አያውቁም። ይስተካከል" አለች።

ልትወጣ ስትል፣ በሩ ላይ ቆማ፣ እንደ ዋዛ ጠየቀች፦

"ሲያድግ ምን ትሉታላችሁ?"

እህቴ አልመለሰችም። ባለቤቷ ወደ ግቢው በር አየ። ባለሙያዋ አላስጨነቀቻቸውም። "ይህ ፎርሙ ላይ የለም። ግን ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገኝ መልስ እሱ ነው። አስቡበትና እንነጋገራለን" ብላ ሄደች። የዚያን ቀን ማታ ማንም ስለ ጉዳዩ አላነሳም። የተዋስነው አልጋ ሳሎን መሐል ቆሞ አደረ።

ሱሉልታ፦ የአማቷ ቤት

ካርታ ላይ ቡራዩና ሱሉልታ ጎረቤት ይመስላሉ። በታክሲ ስትሄዱ ግን አዲስ አበባ ገብታችሁ ትወጣላችሁ፤ ከዊንጌት ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት። ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳው ድንገት ይዘረጋል። ከፍታው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ጥቅምትም ስለሆነ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። በማለዳ ሯጮች በመንገዱ ዳር በመስመር ያልፋሉ። በሁለቱም በኩል ሣሩ እየታጨደ ድርቆሽ ይከመራል። የወተት ጀሪካን የጫኑ መኪኖች ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እዚህ አቁሙ፤ ትኩስ ወተት የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ።

የሄድነው ዓርብ ነው፤ እህቴም ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ስሙን ለማስተካከል ጠዋት ቢሮ ቆምን። የሚያስተናግደን ሰው ቅን ነበር፣ ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች ልደታችን የሚመዘገበው አድገን ነው። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሲሆኑ፣ በአሮጌው ስም የወጣ ወረቀትና በአዲሱ ስም የወጣ ወረቀት በአንድ ፋይል ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለት ምስክር አቅርበን፣ ማመልከቻ ጽፈን፣ ለሰኞ ተቀጠርን። ማታ አማቷ ቤት አደርን።

እራት በልተን እሳት ዳር ስንቀመጥ፣ አማቷ ክላሰሩን በዓይናቸው አመለከቱና "ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምንድን ነው?" አሉ። እህቴ አየችኝ። እስከዚያች ሰዓት አልነገሯቸውም ነበር። የልጃቸው ሚስት ናትና፣ "ልጄን ዘር ከለከለችው" ይላሉ ብላ ነበር የምትፈራው። ባለቤቷ ግን ጉሮሮውን ጠረገና "ጉዲፈቻ ልናደርግ ነው እማዬ" አላቸው።

አሮጊቷ ዝም አሉ። ቆየት ብለው "ታዲያ ይህ ምን ያስፈራል? ቃሉ የኛ አይደለም እንዴ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በሕጋችን የገባው "ጉዲፈቻ" የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ማሳደግ ከሚለው ቃል ይወጣል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በአደባባይ የሚደረግ ነው። ሽማግሌ ይሰማል፣ ዘመድ ይመርቃል፣ ልጁ ስምና ርስት ይኖረዋል። በአማራውም በኩል "የጡት ልጅ" የሚባለው ሥርዓት ነበረ፤ እሱም በምስክር ፊት ነበር። መደበቁን ያመጣነው እኛ የከተማ ሰዎች ነን።

አማቷ ከዚያ የወንድማቸውን ነገር አወሩ። ልጃቸው እንኳ በልኩ የሰማው አይመስለኝም። ወንድማቸው አብሯቸው አልተወለደም፤ በጉዲፈቻ የመጣ ነው። አገር ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። አባታቸው ሲሞቱ የድርቆሹን ሜዳ እኩል ተካፈሉ። "እናቱን ሄዶ ይጠይቅ ነበር። በዓመት በዓል በግ ይዞ ይሄዳል። ሲመለስ የኛ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው "ልጄ፣ ደብቀሽ ካሳደግሽው ሌላ ሰው ይነግረዋል። ያኔ የሚጠላው የነገረውን አይደለም፣ አንቺን ነው" አሏት።

እህቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አማቷ ግን እሳቱን ቆሰቆሱና ወተት አፈሉ።

የሚገርማችሁ፣ ሕጉም የሚለው ከእሳቸው አይርቅም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል ይላል። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አይቋረጥም፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ያሳደገው ቤተሰብ ይቀድማል። "ሲመለስ የኛ ነው" ማለት ይኸው ነው።

ለምትጀምሩ

ከሦስቱ ከተሞች የተመለስኩት ከዚህ ምክር ጋር ነው።

አንደኛ፣ ወረቀት መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ጉዳያችሁን የሚያየው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ጠይቁ። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዲስ አበባ በፌዴራሉ ትሠራለች። ቤታችሁ ቡራዩ፣ ልጁ ያለበት ማሳደጊያ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። በምትኖሩበት አካባቢ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ የሚፈልገውን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ እስከ አያት አንድ ዓይነት መሆኑን ቤት ቁጭ ብላችሁ አመሳክሩ። በአፋን ኦሮሞ የወጣ ሰነድ ለአማርኛ ቢሮ ትርጉም ሊያስፈልገው ይችላል። የቀን አቆጣጠሩንም እዩ፤ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ተቀላቅለው አንድ ሰው በሁለት ልደት ሲገኝ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ የጤናና የፖሊስ ማስረጃ በመጨረሻ አውጡ። ቀድማችሁ ካወጣችሁት ሌላው እስኪሟላ ይቆይባችሁና እንደገና ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ በፌዴራሉ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት አብረው ሲሆኑ የአንዳቸው 25 መሙላት ይበቃል። ስምምነቱ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ ፍርድ ቤቱም የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው። ከጸደቀ በኋላ እንደ ሌላ ውል አይፈርስም። ፍርድ ቤት ሊሰርዘው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን ሲበድልና የወደፊት ሕይወቱን የሚጎዳ ነገር ሲያደርግ ነው። ስለዚህ "እንሞክረውና" ብላችሁ አትግቡ።

አምስተኛ፣ ልጁን "ወለድነው" ብሎ ማስመዝገብን አታስቡት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ጉዲፈቻ ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ነገር ነው። በሐሰት የተሠራ የልደት ወረቀት ልጁ ነገ ታሪኩን የሚፈልግበትን በር ይዘጋዋል።

የመጨረሻው ምክር ግን ቢሮ የሚጠይቃችሁ አይደለም። ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆማ የጠየቀችውን እናንተ ቀድማችሁ ተጠያየቁ። ሲያድግ ምን ትሉታላችሁ? ለእናቶቻችሁ፣ ለጎረቤት፣ ለቤት ሠራተኛችሁስ? መልስ ከሌላችሁ ፋይሉን ትንሽ አቆዩት።

ሰኞ ስሙ ተስተካከለ። ክላሰሩ ሙሉ ሆኖ ገባ። ይህን ስጽፍ እህቴ ገና እየጠበቀች ነው፤ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አታውቅም። አልጋውን ግን ለጎረቤቷ መለሰችላት። ሴትዮዋ "ለማን ነበር?" ስትላት፣ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነገረቻት። ጎረቤቲቱም አልጋውን አልተቀበለችም። "እዚያው ይቆይ፣ ልጅ ከመጣ የት ልታስተኙት ነው?" ብላ መለሰችው።